ነጭ ቀለበት ያላቸው ዛፎች

ነገሩ ከመለወጡ በፊት ኮረብታው እንዲህ ነበር።

ከመኪና መንገዱ በላይ አርባ አንድ ሄክታር ደን አለ። አብዛኛው ጥድ ነው፤ በተዳፋቱ በኩል ዝግባ ይበዛዋል። ከደኑ ግርጌ፣ ከሁለት ጥቋቁር ድንጋዮች መካከል፣ አንድ ምንጭ ይፈልቃል። ምንጩ ሰማይ ቢደርቅም ዓይኑን ጨፍኖ አያውቅም። ውሃው በቦይ ወርዶ መጀመሪያ የሚያገኘው የአንድ ገበሬ ማሳ ነው፤ ድንች፣ ጎመንና ሽንኩርት የበቀለባቸው ሃያ አራት መደቦች እንደ ደረጃ ተከታትለው እስከ መንገዱ ጠርዝ ይወርዳሉ። በዓመቱ ደረቅ ወር፣ ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ በሚያንጋጥጥበት ጊዜ እንኳ፣ ውሃው ሃያ አራተኛውን መደብ አጠጥቶ የተረፈው ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገር ነበር።

ገበሬው አንዲት ታናሽ እህት አለችው። እሷ ደግሞ የደን ጽሕፈት ቤቱ ዛፍ ለኪ ናት። ሰው ሁሉ «ሜትር» ይላታል። የግንድ ውፍረት የምትለካበት ገመድ ከወገቧ ስለማይለይ ብቻ አይደለም፤ ንግግሯም የተለካ ነው። «ሩቅ ነው» ለሚላት ሰው «ስንት ሜትር?» ነው መልሷ። ሃምሳኛ ዓመቷን ስትይዝ ወንድሟ፣

«ዛፍ ስትለኪ ባል ሳትለኪ ቀረሽ» ብሎ አሾፈባት።

«ለክቻለሁ፣ ጋሼ» አለችው። «ሁሉም አጠሩብኝ።»

አባታቸው የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ኮረብታው ራሰ በራ በነበረበት ዘመን ከጓደኞቹ ጋር ችግኝ በጀርባው እያመላለሰ ተክሎታል። ዛፎቹ ሲያድጉ ግንዳቸው ቀጥ ያለውን፣ ዘራቸው የሚያምረውን እየመረጠ ወገባቸውን በኖራ ይከብባቸው ነበር። እናት ዛፎች ይላቸዋል፤ ዘር የሚለቀመው ከነሱ ነው። መጥረቢያ ይዞ ለሚመጣ ሰው አንዲት ቀልድ ነበረችው። «ቀለበት ያሰረችውን እንዳትነካ፤ ባለትዳር ናት» ይላል። ሰዉም ስቆ ያልፋል። አባትየው ከሞተ በኋላ ኖራውን በየጊዜው የምታድሰው ልጁ ሆነች፤ ጽሕፈት ቤቱ ኖራ መግዛት እስኪያቆምና ቀለበቶቹ በዝናብ ታጥበው እስኪጠፉ ድረስ። በዚያ ኮረብታ ላይ ነጭ ቀለበት ሌላ ትርጉም ኖሮት አያውቅም።

ለውጡ የመጣው በሪፖርት ነው።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ክፍል ጣሪያው በአንድ ማዕዘን ስለሚያፈስ የወረቀት ቁምሳጥኑ ላስቲክ ለብሷል። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን እሱን ጠልቶ መገላገል ይቻል ነበር።

«ቁጭ በይ፣ ሜትር። አንድ ቁጥር ላሳይሽ።»

ሪፖርቱን ገልጦ ገፋላት። የክልሉ ኢኮኖሚ ከመቶ ተከፋፍሎ ተቀምጧል። እርሻ ሠላሳ ስምንት። ደን ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።

«አንድ እንኳ አልሞላም» አለች።

«ከዚህ ውስጥ የእኛ ኮረብታ ድርሻ ስንት ይመስልሻል?»

«ስንት ነው?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም? አርባ አንድ ሄክታር እኮ ነው!»

«የቆመ ዛፍ አይቆጠርም። ሲቆረጥ፣ ሲጫን፣ ሲሸጥ ነው የሚቆጠረው። የእናንተ ኮረብታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቆሞ ይበላል አሉኝ። የጥበቃ ደመወዝ፣ የአንቺ ደመወዝ፣ የእኔ።»

«ምንጩስ?»

«ምንጩ ደረሰኝ ይቆርጣል?» ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከላይ የመጣ ነው፣ ሜትር። ደን ለኢኮኖሚው የሚያበረክተው ይደግ ተብሏል። ወይ እኛው እናሳሳዋለን፣ ወይ እኛን የማይሰማ ሰው መጥቶ ሙልጭ ያደርገዋል። ምረጪ።»

«ከዝንጀሮ ቆንጆ» አለች። ግን መረጠች።

ደኑን ከላይ እስከ ታች ዞራ ለካችው። ሐሳቧ ግልጽ ነበር፤ ቀጫጭኖቹ፣ ጎባጦቹና እርስ በርስ የተናነቁት ይቆረጡ፤ እናቶቹ ይቅሩ። በተለይ ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ አንድም ወፍራም ዛፍ አይነካ፤ አፈሩን የያዙት እነሱ ናቸውና። ማሳሳት በአግባቡ ከተሠራ ደን አይጎዳም፤ ለቀሩት ብርሃንና አየር ይሰጣቸዋል። ከቀጫጭኖቹ የሚገኘው እንጨት ለሪፖርቱ የሚበቃ መሆኑንም አስልታ አሳየች። ኃላፊው ሐሳቧን ሳይቆራርጥ ተቀበላት። ያን ቀን ከቢሮው ስትወጣ ያሸነፈች መስሏት ነበር።

የሚቆረጡት ከሁለት ሺህ ይበልጣሉ፤ የሚቀሩት እናት ዛፎች ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ናቸው። ግምጃ ቤቱ የሰጣት ነጭ ቀለም ሁለት ጣሳ ነው።

«ይኸው ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ስትጨርሺ ሌላ ጠይቂ» አለ የግምጃ ቤቱ ሰው።

«ጠይቄ መቼ አገኘሁ?»

«እሱንማ እኔም ጠይቄ አላገኘሁም።»

ሁለት ጣሳ ከሚቆረጡት ሩቡን እንኳ አይሸፍንም። ለሚቀሩት ግን ይበቃል። ስለዚህ የሚቀሩትን ቀባች፣ አባቷ ያደርግ እንደነበረው።

ጣሳውን የተሸከመላት ወንድሟ ነው። እሷ ትለካለች፣ ትመርጣለች፣ ብሩሹን ዙሪያውን ታዞራለች። እሱ አፉ አያርፍም።

«ስንት ሙሽራ ነው የምንድረው?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«እንዲህ ሚዜ ሆነሽ ልትቀሪ ነው?»

«ከምታወራ ጣሳውን ከፍ አድርገው።»

መጨረሻ የደረሱት ከምንጩ ራስጌ ካለችው ዝግባ ዘንድ ነበር። ከሁሉም ትወፍራለች፤ ሰባ አንድ ሳንቲሜትር። ሥሮቿ ሁለቱን ጥቋቁር ድንጋዮች እንደ ጣት ጨብጠዋል። ወንድሟ ለአንድ አፍታ ቀልዱን ተወ። መዳፉን ግንዱ ላይ አሳርፎ፣

«ይቺን እንኳ ደህና አድርገሽ ቀቢያት» አላት። «የእኔ ቤት የቆመው በዚች ነው።»

ሁለት ጊዜ ደራርባ ቀባቻት።

ቆራጮቹ የመጡት ከሩቅ ነው፤ አንድ ማኅበር፣ ስምንት ሰዎች፣ ሁለት የሞተር መጋዝ። አለቃቸውን «ሰንሰለት» ይሉታል። የመጋዙን ሰንሰለት በየምሳ ሰዓቱ ሳይስል እህል አይቀምስም አሉ። ሰንሰለት ቁጥብና ጥንቁቅ ሰው ነበር፤ እሷም ገና ስታየው ወደደችው። በማግሥቱ ጠዋት እሷ ዋና ከተማ መሄድ ነበረባት። የቁጥር ሰዎቹ የእርሻንና የደንን ድርሻ የሚያስረዱበት፣ ሳምንት የሚፈጅ ስብሰባ ተጠርቷል፤ እሷም ስለ ምንጩ ልትናገር እጇን ለማውጣት ቆርጣለች። እናም ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ እንዳነገተች፣ ከሰንሰለት ጋር ተነጋገሩ።

«ቀለበቶቹን አየሃቸው?»

«እንዴ እትዬ ሜትር! ከመንገድ ጀምሮ እንደ ጥርስ ነው የሚያበሩት። እንደ እርስዎ አጥርቶ የቀባ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አንዷን እንኳ ብትስት ከኔ ጋር እንጣላለን።»

«እኔ? እኔ በመጋዝ እንጂ በስህተት አልታወቅም። አንድም ቀለበት አያመልጠኝም፤ ቃሌ ነው።»

ጨበጣት። እጁ እንደ ቅርፊት የሻከረ ነበር።

እሱና ጓደኞቹ በሠሩባቸው ደኖች ሁሉ ነጭ ቀለበት የተቀባ ዛፍ የሚወድቅ ዛፍ ነው። እሷ ባደገችበት ኮረብታ ነጭ ቀለበት የተቀባ ዛፍ የማይነካ ዛፍ ነው። «ቀለበት ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው «ፀሐይ በየት ትወጣለች?» ብሎ አይጠይቅም።

የስብሰባው አዳራሽ ወንበሮቹ ለስላሳ፣ አየሩ የታፈነ ነበር። ግድግዳው ላይ ትልቅ ክብ ሥዕል በራ፤ የክልሉ ኢኮኖሚ በቀለም በቀለም ተሸንሽኖ። እርሻ ሰፊ አረንጓዴ ቁራጭ ነው። ደን ደግሞ ቀጭን ቡናማ መስመር፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሥዕሉ ላይ ፀጉር የወደቀ ነው የሚመስለው።

ያቀረበው ሰው ወፍራም፣ ሲናገር የሚያለከልክ፣ መነጽሩን በክራባቱ የሚወለውል ነበር። ጥያቄ ሲፈቀድ እጇን አወጣች። ስለ ደኑ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ወንድሟ ሃያ አራት መደቦች ተናገረች። «ይህ የት ነው የተቆጠረው?» ብላ ተቀመጠች።

ሰውየው አላፌዘባትም።

«እህቴ፣ ልክ ነዎት» አለ። «የምንጩ ሥራ አልጠፋም፤ እርሻ ውስጥ ገብቷል። የወንድምዎ ድንች ሲሸጥ ውሃውም አብሮ ይሸጣል። ችግሩ፣ ደኑ ይሠራል፣ እርሻው ይመሰገናል።»

«እንደ ባልና ሚስት!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

«የምንለካበት መንገድ ገና ነው» ቀጠለ ሰውየው። «እስኪኖር ድረስ ግን በሚመጣው ሪፖርት ላይ ይህን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አስገባለሁ። ቃል እገባለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አባቷ የተከለው ነገር በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሙ ሊነሳ ነው። ስብሰባው ሲያልቅ ወደ አገሯ በሚመለሰው አውቶቡስ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ለወንድሟ እንዴት እንደምትነግረው በልቧ ስታዘጋጅ ቆየች።

ኮረብታው ሊታይ ጥቂት ሲቀረው፣ ከፊት ለፊት ግንድ የጫነ የጭነት መኪና መጣ። ዓይኗ ከልማዱ የተነሳ ግንዱን ለካ። ስልሳ ሳንቲሜትር። ቀጥሎ ያለው ስልሳ አራት። ሦስተኛው ሃምሳ ስምንት። እንዲቆረጡ ካለቻቸው ዛፎች መካከል ከሃያ ስምንት የሚበልጥ አልነበረም።

«ይህ የእኛ አይደለም፤ ከሌላ ቦታ ነው» አለች ለራሷ።

መኪናው ለማሳለፍ ፍጥነቱን ቀነሰና ጎን ለጎን ሆኑ። ከመስኮቷ አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ በጥንቃቄ የተቀባ፣ ጫፍና ጫፉ የገጠመ ነጭ ቀለበት አለፈ። ከሱ ቀጥሎ ሌላ። ከሱም ቀጥሎ ሌላ።

«ውረጅ አለብኝ» አለች ተነስታ፤ ልትል የፈለገችው «ወራጅ አለ» ነበር። ሾፌሩ አቆመላት። የቀረውን ዳገት በሩጫ ወጣችው፤ እሷ፣ ሮጣ የማታውቀው ሴት።

ሰንሰለት ጉቶ ላይ ተቀምጦ መጋዙን እየሳለ ነበር። ሲያያት ከመቀመጫው ተነሳ፤ ፊቱ በኩራት በራ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ ሜትር! ይቁጠሯቸው። አንድም ቀለበት አላመለጠኝም። እዚያ ታች ከምንጩ ራስጌ ያለችው ብቻ ቀርታለች፤ ድንጋዩ አስቸግሮን ነው፣ አሁን እንጥላታለን።»

ዙሪያዋን አየች። ቀጫጭኖቹ፣ ጎባጦቹ፣ የተናነቁት ሁሉም ቆመዋል። በመካከላቸው ሰማይ ይታያል። ተዳፋቱ በሙሉ ጉቶ በጉቶ ነው።

«ቀለበት… ቀለበት የሚቀሩት ናቸው» አለች።

«ምን?»

«የተቀቡት የሚቀሩት ናቸው። የማይነኩት።»

ሰንሰለት መጋዙን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠው። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«እኛ በሠራንበት አገር ሁሉ የተቀባ ይወድቃል» አለ። «እኛም ገርሞን ነበር፣ እትዬ። ወፍራሙን ጥሎ ቀጭኑን መተው ምን ዓይነት ማሳሳት ነው ተባባልን። ሄጄ ኃላፊውን ‹በምልክቱ እንሂድ ወይ?› ብዬ ጠየቅኩ፤ አልዋሽም፣ ጠይቄያለሁ። ‹ሜትር የቀባችው ነው፤ ሜትር አትሳሳትም፤ በምልክቷ ሂዱ› አለኝ።»

ልትቆጣው ፈለገች። የምትቆጣበት ነገር አጣች። ያለችውን አንድ በአንድ ፈጽሞታል፤ ጥፋቱ እሷ ሳትናገረው የቀረችው አንድ ነገር ነበር።

«ያቺን የቀረችውን ተዋት» አለች። «እባክህ። እሷን ብቻ።»

«ልሙት፣ ቅጠሏን አልነካም» አለ።

እዚህ ላይ ሁለተኛው ስህተት ተሠራ። በጓደኞቿ መካከል ያደገች ዛፍ ነፋስን ብቻዋን መቋቋም አትችልም። ግንዷ ቁመትን እንጂ ትግልን አልተማረም፤ ሥሯም የለመደው ከሌሎች ሥር ጋር ተያይዞ መቆም ነው። ይህን ለአዳዲስ ሠራተኞች ስታስተምር ኖራለች። ያን ቀን ግን ዕውቀቷን አላማከረችም። የዛፏን ቅርፊት አቅፋ ቆመች፤ እርጥቡ ቀለም ልብሷን አልፎ ጡቷ ድረስ የነካት መሰላት፤ ቀለሙ ግን ከደረቀ ቆይቷል።

ወንድሟን ያገኘችው ማሳው ውስጥ ነው። ከሱ ማሳ ተዳፋቱ አይታይም፤ ጉብታ ይከልለዋል። ግንዱም የወጣው በወዲያኛው መንገድ ነው። ነገረችው። መቆፈሪያውን ተመርኩዞ እስክትጨርስ ሰማት።

«መጋዙ ሲጮህ ይሰማኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሚስቴ ‹ሂድና እይ› አለችኝ። ‹ሜትር የቀባችውን ነው፤ ምን አሳየኝ› አልኳት።»

«ስደበኝ፣ ጋሼ።»

«ምን ብዬ?»

«የፈለግከውን በል። ሁልጊዜ ትሰድበኝ የለም?»

ቀና ብሎ አያት። ያ ሁልጊዜ አፉ ጫፍ የሚቀመጠው ቀልድ አልነበረም።

«ያኔ ስጫወት ነው» አለና ጎንበስ ብሎ ወደ ቁፋሮው ተመለሰ።

በዝናቡ መግቢያ የመጀመሪያው ብርቱ ነፋስ ዝግባዋን ጣላት። ተሰብራ ቢሆን ሥሯ ድንጋዮቹን እንደያዘ በቀረ ነበር፤ ከነሥሯ ነው የተነቀለችው። ጨብጣቸው የነበሩትን ሁለት ጥቋቁር ድንጋዮች ከሥሯ ጋር አንስታ ገለበጠቻቸው። የምንጩ ዓይን ከተከፈተበት ቦታ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ጉድጓድ ሆነ። ውሃው ጭቃ ለብሶ ጥቂት ቀን ተንቦጫረቀ፤ ከዚያ አብዛኛው ወደ ታች ሰርጎ መሄጃውን ቀየረ። ጎርፉም ከባዶው ተዳፋት አፈር ጠርጎ እያወረደ ቦዩን ደፈነው። ወንድምና እህት ጉድጓዱን ቆፈሩ፣ ድንጋይ ደረደሩ፣ ሸክላ ጠቀጠቁ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም የሚባለው የፈሰሰበት ለሚታወቅ ውሃ ነው፤ ይህኛው የት እንደሄደ እንኳ ማንም አላወቀም።

ኃላፊውንም ጥፋቱ እንቅልፍ ነሳው፤ ሁለት ጊዜ መጥቶ ጉድጓዱን አይቶ ሄዷል። ሦስተኛ ሲመጣ የታሰረ ወረቀት ይዞ ነበር።

«እንዳልሰጥሽ አስቤ ነበር» አለ ዓይኗን ሳያይ። «ግን በስምሽ ነው የመጣው።»

የምስጋና ወረቀት ነው። ኮረብታው ለመጀመሪያ ጊዜ ለክልሉ ኢኮኖሚ ያበረከተው እንጨት ከታቀደው ሦስት እጥፍ ሆኗል፤ ለዚህም ዛፎቹን በጥራት የለየችው ባለሙያ ትመሰገናለች ይላል። አጥፋ ከመለኪያ ገመዷ ጎን ባለው ኪሷ ከተተችው። ጣለችው የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል፤ እሷ የሆነን ነገር እንዳልሆነ አድርጋ አታውቅም።

በሚቀጥለው ዓመት ደረቅ ወር አዲሱ ሪፖርት ደረሰ። ክቡ ሥዕል አሁንም አለ። ቡናማው መስመር ወፍሯል፤ ደን ከዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ወደ አንድ ነጥብ ስድስት አድጓል። እርሻ ሠላሳ ስምንት፤ እንደ አምናው። የአንድ ሰው ማሳ ቢደርቅ ከነጥቡ በስተኋላ እንኳ አይታይም። ከገጹ ግርጌ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ያ የሚያለከልከው ሰው ቃሉን ጠብቋል፦ «የቆመ ደን ከግርጌው ላለ እርሻ ውሃ በመስጠት የሚያበረክተው በዚህ ስሌት አልተካተተም።»

ዓረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ገመዷን ይዛ ወደ ወንድሟ ማሳ ወረደች። ወንድሟ አልነበረም፤ መንገድ ዳር ካለው የእንጨት መጋዘን ግንድ ያወርድ ነበር፣ በቀን ሠራተኛነት። ቦዩን ከአፉ ጀምራ ተከተለችው። ውሃው ስድስት መደብ አጠጥቷል። ሰባተኛው መደብ ላይ አሥራ አንድ ሜትር ገብቶ አልቋል።